በከተማ ግርግር መሃል በአስተውሎት መራመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙዎቻችን ከቤት ወጥተን ያሰብንበት ስንደርስ መሃሉን መንገድ አናስታውሰውም። እግር ያደርሰናል። ልብ ግን ወይ ትናንት የተነጋገርነው ላይ ነው፣ ወይ ነገ የሚጠብቀን ጉዳይ ላይ። በአስተውሎት መራመድ የሚባለው ልምምድ ይቺን የባከነች መንገድ ለራስ ማስመለሻ ነው። ሰዎች ስለ ጉዳዩ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከታች አሉ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአስተውሎት መራመድ ምን ማለት ነው?

እየተራመዱ መሆንን እያወቁ መራመድ ነው። ተረከዝ መሬት ሲነካ፣ ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ነፋስ ፊት ላይ ሲያርፍ፣ ከጎን የሚያልፈው ሰው ኮቴ ሲሰማ፣ ይህን ሁሉ ልብ እያሉ መሄድ። ልብ ሲሸሽ ደግሞ መሸሹን ማወቅና መመለስ። መሸሹ አይቀርም። ሌላ ምስጢር የለውም። የተለየ ልብስ፣ የተለየ አተነፋፈስ፣ የተለየ ቦታ አይጠይቅም።

መራመድማ ሁሉም ሰው ይራመዳል። ምኑ ነው አዲሱ?

መራመድ ከሕፃንነታችን ጀምሮ የለመድነው ስለሆነ ሰውነታችን እኛን ሳይጠይቅ ይሠራዋል። ይህ ጥሩ ነው። ለእያንዳንዱ እርምጃ ማሰብ ቢኖርብን የትም አንደርስም ነበር። ግን ሥራ የፈታ አእምሮ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት በ2010 አንድ ጥናት አወጡ። ሰዎችን በስልካቸው በኩል በቀኑ መሃል ድንገት እየጠሩ፣ አሁን ምን እየሠራችሁ ነው፣ ልባችሁስ የት ነው ብለው ጠየቋቸው። ከመልሶቹ 47 በመቶ ያህሉ ልብ ከተያዘው ሥራ ውጪ እንደነበር ያሳዩ ነበሩ። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ልባቸው ሌላ ቦታ በነበረ ጊዜ ሰዎቹ ደስታቸውም ቀንሶ ተገኘ። ደስ የሚል ነገር እያሰቡ የነበሩት እንኳ ልባቸው ሥራቸው ላይ ከነበረው የበለጠ ደስተኞች አልነበሩም።

ከየት መጣ? የሃይማኖት ሥርዓት ነው እንዴ?

ሥሩ ቡድሂዝም ነው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ጥንታዊዎቹ የቡድሃ ትምህርቶች ሰው ሲቀመጥም፣ ሲቆምም፣ ሲተኛም፣ ሲራመድም ራሱን እንዲያስተውል ይናገራሉ። ዜን በሚባለው የጃፓን የቡድሂዝም ዘርፍ ደግሞ ኪንሂን የሚባል አረማመድ አለ። ተቀምጠው ሲያሰላስሉ የቆዩ ሰዎች በመሃል ተነስተው የሚያደርጉት ነው።

በእኛ ዘመን የሁለት ሰዎች ስም ጎልቶ ይነሳል። አንዱ ቬትናማዊው መነኩሴ ቲክ ናት ሃን (1926–2022) ናቸው። በ1982 ፈረንሳይ ውስጥ ፕላም ቪሌጅ የተባለ ማዕከል አቋቁመው አብሮ በአስተውሎት መራመድን የየዕለቱ ልምድ አደረጉት። ሌላው አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን ናቸው። በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በጭንቀትና በማይለቅ ሕመም ለሚሰቃዩ ሰዎች የስምንት ሳምንት ሥልጠና ጀመሩ። ሥልጠናው ሃይማኖታዊ ይዘት የለውም፤ መራመድም ከልምምዶቹ አንዱ ነው።

ከእምነቴ ጋር ይጋጫል ወይ ብለው የሚጨነቁ አሉ። እግርን ማስተዋል ከየትኛውም እምነት ጋር የሚያጣላ አይመስለኝም። እየተራመዱ መጸለይም በብዙ ሃይማኖት የቆየ ነገር ነው። ካልተመቻችሁ ደግሞ ማንም አያስገድዳችሁም።

ከተማ ጫጫታ ነው። ጫካ ወይም ገጠር መሄድ አይሻልም?

ለመጀመር ጸጥ ያለ ቦታ ይቀላል። ይህን አልክድም። ነገር ግን አብዛኞቻችን የምንውለው ከተማ ውስጥ ነው። በዓመት ሁለቴ ለምንሄድበት ጫካ ብለን የየቀኑን መንገድ እንደ ጠፋ ብንቆጥረው የምንጎዳው እኛ ነን።

ከተማ ለምን እንደሚያደነዝዘን ቀድመው ያሰቡበት ሰዎች አሉ። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ጌኦርግ ዚመል በ1903 እንደጻፉት፣ ትልቅ ከተማ በየቅጽበቱ አዲስ ነገር በዓይንና በጆሮ ስለሚያጎርፍብን፣ ራሳችንን ለመከላከል ስንል ግድ የለሽ እንሆናለን። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ስታንሊ ሚልግራም በ1970 ተቀራራቢ ነገር አሉ። ከአቅሙ በላይ የመጣበት ሰው ለእያንዳንዱ ነገር የሚሰጠውን ጊዜ ያሳጥራል፣ የማይመለከተውን እንዳላየ ያልፋል። እንግዲህ ፊት ሳያዩ ማለፍ፣ ሰምቶ አለመስማት ከክፋት የመጣ ጠባይ አይደለም። መከላከያ ነው። ጣጣው መከላከያው መርጦ አለመዝጋቱ ነው። ክፉውን ሲዘጋ ደጉንም አብሮ ይዘጋዋል።

ለዚህ ነው የከተማው ልምምድ ከጫካው የሚለየው። በጫካ ዓይንን ዝቅ አድርጎ ወደ ውስጥ ጠልቆ መግባት ይቻላል። ከተማ ውስጥ እንዲህ ያደረገ ሰው ከመብራት እንጨት ጋር ይላተማል። ከተማ ትኩረትን ወደ ውጪ ከፍቶ መሄድን ያስተምራል። ለእኔ ይህ ከጫካው የሚያንስ ትምህርት አይደለም፤ እንዲያውም ለኑሮ የሚቀርበው እሱ ነው።

ጫጫታውን በተመለከተ አንድ ነገር ሞክሩ። የመኪና ጡሩምባ ጆሯችሁ ሥር ሲጮህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ድምፁ ነው፤ ይጀምራል፣ ያይላል፣ ይጠፋል። ሁለተኛው ከኋላ የሚመጣው ወሬ ነው፦ «ምን ዓይነቱ ባለጌ ነው? ለነገሩ ሹፌር ሁሉ እንዲህ ሆኗል። ትናንት እንኳ አንዱ...»። ድምፁ ሁለት ሰከንድ አይቆይም። ወሬው ግን እስከ ቤት ይሸኛችኋል። ወሬው እንዳይጀምር መከልከል አይቻልም፤ ሲጀምር ግን እጅ ከፍንጅ መያዝ ይቻላል። «አሃ፣ ጀመረ» ብሎ ወደ እግር መመለስ። ደጋግማችሁ ስትይዙት ወሬው እያጠረ ይመጣል።

ሌላም አለ። ድምፆችን በርቀታቸው ለዩ። አጠገባችሁ ያለው የትኛው ነው? መሃል ላይ ያለውስ? ከሁሉም የራቀው የትኛው ነው? አንድ ላይ ተደባልቆ «ጫጫታ» የነበረው ነገር ተበትኖ ሰው፣ ሞተር፣ ወፍ፣ የበር ድምፅ፣ የመጥረጊያ ድምፅ ይሆናል።

ይህን ስል ጫጫታ አይጎዳም ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ለአውሮፓ አካባቢ ባወጣው መመሪያ የመንገድ ትራፊክ ድምፅ በቀንና በሌሊት አማካይ ከ53 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ ከዋናው አስፋልት ጀርባ ውስጥ ለውስጥ የሚያስኬድ መንገድ ካለ እሱን ምረጡ። ትዕግሥት እለማመዳለሁ ብሎ ጭስና ጩኸት መሃል መግባት ጀግንነት አይደለም።

እሺ፣ ነገ ጠዋት ልጀምር። ምን ላድርግ?

በየቀኑ ከምትሄዱበት መንገድ አንድ ቁራጭ ምረጡ። ከቤት በር እስከ መታጠፊያው፣ ወይም ከአውቶቡስ መውረጃው እስከ ሥራ ቦታችሁ። አዲስ መንገድ አትፈልጉ። መንገድ መፈለግ ራሱ አእምሮ ይይዛል፤ የለመዳችሁት ይሻላል። ከመነሳታችሁ በፊት ቆም ብላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሱ። ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት መርገጣቸው ይሰማችሁ። ከዚያ ሂዱ።

በእግር ጀምሩ። ውስጥ እግራችሁ ጫማውን እንዴት ይነካዋል? ጫማውስ መሬቱን? አስፋልት፣ ንጣፍ ድንጋይ፣ አፈር፣ የቦይ ክዳን ብረት፣ ሁሉም ሲረገጡ ይለያያሉ። ትንሽ እንደሄዳችሁ ወደ ላይ ውጡ። ትከሻችሁ ወደ ጆሯችሁ ተሰቅሏል? ጥርሳችሁን ነክሳችኋል? እጃችሁ ተጨብጧል? ብዙ የከተማ ሰው ትከሻውን ሰብስቦ እንደሚሄድ አያውቀውም። ማላላት ከፈለጋችሁ አላሉት። ካልላላም ማወቃችሁ ይበቃል። ቀጥሎ ጆሮ፣ ከዚያ ዓይን።

ዓይን ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም በከተማ ከሁሉ በላይ የሚደክመው እሱ ነው። ከተማ ላይ የተጻፈው ሁሉ እዩኝ ይላል። ማስታወቂያው፣ የሱቁ ስም፣ የተለጠፈው ወረቀት፣ ሰሌዳው። ዓይናችን ፊደል ካየ ሳያነብ አያልፍም። ለዚህ የሚሆን ቀላል ጨዋታ አለ። አንድ ቀን አንድ ቀለም ብቻ ፈልጉ፤ ቀይ ይሁን። በዚያች ቁራጭ መንገድ ላይ ቀይ የሆነውን ሁሉ ተከተሉ። ሌላ ቀን ጥላ ብቻ እዩ። ሌላ ቀን ደግሞ ከአንደኛ ፎቅ በላይ ያለውን። ሁልጊዜ የምናየው ምድር ቤቱን ነው፤ ከላይ ግን በረንዳ አለ፣ የተሰጣ ልብስ አለ፣ ወፍ የሠራችው ጎጆ አለ፣ የተሠራበት ዓመት የተቀረጸበት የሕንፃ ግንባር አለ። ቀና ስትሉ ግን ዳር ይዛችሁ ቁሙ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አትሞክሩት። አንዱን ያዙና ጥቂት ቀን ሰንብቱበት።

በዝግታ መራመድ አለብኝ?

የለባችሁም። ያ በጣም ዝግ ያለው አረማመድ ለአዳራሽና ለግቢ የሚሆን ነው። ሰው በበዛበት የእግረኛ መንገድ ላይ ብትሞክሩት ከኋላችሁ ያለውን ሁሉ ታስቆማላችሁ።

ሆኖም ፍጥነታችሁን ማስተዋል ደስ ይላል። በ1976 ማርክ ቦርንስታይንና ሄለን ቦርንስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች በተለያዩ አገሮች ያሉ እግረኞችን ፍጥነት ለክተው ነበር። የከተማው ሕዝብ ቁጥር ሲጨምር የሰዉ እርምጃም ፈጣን ሆኖ አገኙት። ጥድፊያው የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ከመንገዱ ይጋባብናል። አንዳንዴ መሃል ላይ «ለመሆኑ የሚያስቸኩል ነገር አለኝ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። ከሌላችሁ ትንሽ ቀነስ አድርጉ። ካላችሁም ቀጥሉ።

ሁሌም ረፍዶብኝ ነው የምሄደው። ለእኔ ይሆናል?

ይሆናል። መፍጠንና መዋከብ ይለያያሉ። ፈጥኖ የሚሄድ ሰው እግሩ ይፈጥናል። የሚዋከብ ሰው ልቡ ቀድሞት ቢሮ ገብቶ ከአለቃው ጋር እየተከራከረ ነው። እግራችሁ የፈለገውን ያህል ይፍጠን፤ እናንተ አብራችሁት ሁኑ። ፈጣን እርምጃ እንዲያውም ለማስተዋል ይቀላል። ትንፋሹ ይሰማል፣ ልብ ምቱ ይሰማል፣ የነፋሱም ግፊት ይሰማል።

ለቸኮለ ሰው ትልቁ ልምምድ ያለው ቀይ መብራት ላይ ነው። በፕላም ቪሌጅ ደወል ሲደወል ሁሉም የያዘውን ትቶ ወደ ትንፋሹ ይመለሳል። ከተማ ደግሞ ደወሉን በየመስቀለኛ መንገዱ ሰቅሎልናል። ቲክ ናት ሃን ራሳቸው መኪና የሚነዱ ሰዎች ቀይ መብራትን እንደ ደወል እንዲቀበሉት ይመክሩ ነበር። ለእግረኛም ይሠራል። ቀይ ሲበራ ስልክ ለማውጣት የሚሄደውን እጃችሁን ታዘቡት። ከቆማችሁ በኋላ ክብደታችሁ በየትኛው እግር ላይ ነው? መብራቱ ስንት ሰከንድ ቆየ ሳይሆን፣ ስትጠብቁ ሰውነታችሁ ውስጥ ምን ተፈጠረ? ትዕግሥት ማጣት የት ቦታ ይሰማል? ደረት ላይ ነው ወይስ ሆድ ላይ? አንዳንድ ሰው እግሩ ላይ ነው፣ መቆም ያቅተዋል።

ልቤ በየሁለት እርምጃው ይሸሻል። አልሆነልኝም ማለት ነው?

ሆኖላችኋል። መሸሹን ያወቃችሁባት ቅጽበት ናት ልምምዷ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ከሸሸና ሠላሳ ጊዜ ከመለሳችሁት ሠላሳ ጊዜ ሠርታችኋል። ጭራሽ ሳታውቁት ጭልጥ ብሎ ሄዶ ቢሮ በር ላይ ብትነቁም ያው ነው፤ በሩ ላይ ነቅታችኋል። ራስን መውቀስ መጨመር ሌላ ሐሳብ መጨመር ነው።

የሚረዳ ዘዴ ከፈለጋችሁ ሐሳቡን በአንድ ቃል ጥሩት። «ዕቅድ»፣ «ጭቅጭቅ»፣ «ትዝታ»። ስም ሲወጣለት ጉልበቱ ይቀንሳል። ከዚያ ወደ እግር።

ነገር ግን ልብ መሸሹ ሁልጊዜ መጥፎ ነው ብላችሁ አትያዙት። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማሪሊ ኦፔዞና ዳንኤል ሽዋርትዝ በ2014 ባወጡት ጥናት፣ የሚራመዱ ሰዎች ከተቀመጡት ይልቅ በአማካይ 60 በመቶ የበለጠ አዳዲስ ሐሳብ አፍልቀዋል። ስለዚህ አንድ የቸገረ ሐሳብ ይዞ መውጣትና እያብላሉ መሄድም የራሱ ጥቅም አለው። ልዩነቱ መምረጣችሁ ላይ ነው። ዛሬ ለማሰብ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ለመራመድ ነው የምወጣው ብሎ መወሰን።

ስልክና ኢርፎንስ?

ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ለደኅንነታችሁ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ አታጥፉት፤ ድምፁን ብቻ ዝጉት።

ስልክ ትኩረትን ምን ያህል እንደሚወስድ የሚያሳይ አንድ የሚያስቅ ጥናት አለ። በዌስተርን ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አይራ ሃይማንና ባልደረቦቻቸው ባለ አንድ ጎማ ሳይክል የሚነዳ፣ እንደ ክላውን (የሰርከስ አስቂኝ ተዋናይ) የለበሰ ሰው በተማሪዎች መተላለፊያ ላይ አሰማሩ። ካለፉ በኋላ ሰዎቹን ጠየቋቸው። በስልክ እያወሩ ካለፉት ውስጥ ክላውኑን ያየው ከአራት አንድ ብቻ ነበር። ሙዚቃ እየሰሙ የሄዱት ከእነሱ በጣም የተሻለ አይተዋል። ከጓደኛ ጋር እያወሩ የሄዱት ደግሞ ከሁሉም በላይ። ሁለት ሰው አራት ዓይን ነውና።

ስለዚህ ሙዚቃ ኃጢአት አይደለም። ሁለቱንም ጆሮ ዘግቶ አስፋልት መሻገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለልምምዷ በመረጣችኋት አጭር ቁራጭ ላይ ብቻ ኢርፎኑን አውልቁ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልባችሁ። ፎቶ ማንሳትም እንዲሁ ይቆይ። ፎቶ ለማንሳት የሚያይ ዓይን ቶሎ ወደ ቀጣዩ ይሮጣል።

በሐሳብ ተመስጬ መኪና ቢገጨኝስ?

ከተመሰጣችሁ ልምምዱን አልሠራችሁትም። የሚያስገጨው መመሰጥ ነው፤ አስተውሎት የእሱ ተቃራኒ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ መንገድ ስታቋርጡ የምታስተውሉት መኪናውን ነው። እግራችሁንም ትንፋሻችሁንም ለጊዜው ተዉት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትሂዱ፣ መሬት መሬት እያያችሁም አትሂዱ። ቦርሳችሁን እንደ ወትሮው ያዙ።

ሌላው ደግሞ ስሜት ነው። አንድ ቦታ ስትደርሱ ሰውነታችሁ «ይሄ ነገር አላማረኝም» ካላችሁ፣ ፍርሃቴን በጸጥታ ልመልከት እያላችሁ አትቁሙ። መንገድ ቀይሩ። ይህን በተለይ ብዙ ሴቶች ያውቁታል። ብቻቸውን ሲሄዱ ቀድሞውንም ነቅተው ነው የሚሄዱት፣ ያውም በጭንቀት። «ትከሻሽን አላላ» የሚል ምክር ለእነሱ አንዳንዴ ቀልድ ይሆናል። ለልምምዱ ብርሃን ያለበትን ሰዓት፣ ሰው ያለበትን መንገድ መምረጥ፣ ወይም ከጓደኛ ጋር መውጣት ምንም ነውር የለውም።

ሰው ምን ይለኛል?

ምንም። ከውጪ ሲታይ የሚራመድ ሰው ነው የምትመስሉት።

ሰዎችን ልብ ብሎ ማየትስ ነውር አይሆንም?

ማፍጠጥ ነውር ነው። በጨረፍታ አይቶ፣ «ይሄም ሰው የሚሄድበት አለው» ብሎ ማለፍ ግን ማንንም አይጎዳም። አንዳንዶች ለሚያልፈው ሰው ሁሉ በልባቸው ደግ ነገር ይመኛሉ። መጀመሪያ ላይ ሰው ሠራሽ ይመስላል። መንገድ ዘግቶ ቆሞ ስልክ የሚያወራ ሰው ሲገጥማችሁ ሞክሩትና ታዩታላችሁ።

ከባዱ ሌላ ነው። መከላከያችን ሲላላ እስከዛሬ ሳናያቸው ያለፍናቸው ሰዎች ይታዩናል። መንገድ ዳር የተኛ ሰው፣ የሚለምን ሰው። ምቾት ይነሳል፣ መንሳትም አለበት። በአስተውሎት መራመድ የማንንም ችግር አይፈታም፣ ለእኛ ሰላም ሲባል እነሱን የመንገዱ ጌጥ ማድረግም አይገባም። መስጠት የምትችሉ ከሆነ ስጡ። ካልቻላችሁ ቢያንስ ሰላምታ መስጠት ወይም ዓይን ለዓይን መተያየት ይቻላል።

ጥቅሙ በጥናት ተረጋግጧል?

በከፊል። መራመድ ራሱ ለጤና እንደሚጠቅም አያጠራጥርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፣ ፈጠን ያለ እርምጃ ደግሞ እዚህ ውስጥ ይገባል። አስተውሎት ምን ይጨምራል የሚለው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ደስ ከሚሉኝ ጥናቶች አንዱ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ቨርጂኒያ ስተርም የመሩትና በ2020 የወጣው ነው። በዕድሜ የገፉ 52 ሰዎች ለስምንት ሳምንት፣ በየሳምንቱ ቢያንስ 15 ደቂቃ ተራመዱ። ግማሾቹ እየሄዱ የሚያስደንቅ ነገር እንዲፈልጉ ተነገራቸው። ሌሎቹ ዝም ብለው ተራመዱ። ሁሉም ራሳቸውን ፎቶ ያነሱ ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ የፈላጊዎቹ ፎቶ ተለወጠ። የራሳቸው ምስል በፎቶው ውስጥ እያነሰ፣ አካባቢው እየሰፋ መጣ፣ ፈገግታቸውም ጨመረ።

ለከተማ የማይመቸውንም ልንገራችሁ። ግሪጎሪ ብራትማንና ባልደረቦቻቸው በ2015 ባወጡት ጥናት አንዱን ቡድን 90 ደቂቃ በተፈጥሮ መሃል፣ ሌላውን መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር አስኬዱ። ያንኑ የሚያስከፋ ሐሳብ ደጋግሞ የማመንዠግ ጠባይ የቀነሰው በተፈጥሮ መሃል በሄዱት ላይ ብቻ ነበር። ጥናቱ አስተውሎትን አልለካም፤ ተራ የእግር ጉዞ ነው። ቢሆንም የመንገድ ምርጫ ቁም ነገር እንደሆነ ይነግረናል። አሥር ደቂቃ ዞር ብሎ በዛፍ ሥር የሚያልፍ መንገድ ካለ፣ መዞሩ አያስቆጭም።

በሁለት ሳምንት ሕይወታችሁን እለውጣለሁ የሚል ሥልጠና ከገጠማችሁ ግን ገንዘባችሁን ያዙ።

ሰፈሬ አንድ ዛፍ የለውም።

ሰማይ አለው። ደመና፣ የፀሐይ አቅጣጫ፣ ከዝናብ በኋላ የሚመጣው የመሬት ሽታ አለ። በንጣፍ ድንጋይ መሃል የሚበቅል ሣር ሳይኖር አይቀርም፤ አንዱን መርጣችሁ በየቀኑ ጎብኙት።

የተበከለ አየርስ?

ይህን በቁም ነገር ውሰዱት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ፒኤም 2.5 የሚባሉት ጥቃቅን ብናኞች በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጡ ይመክራል። አብዛኞቹ የዓለም ከተሞች ከዚያ በላይ ናቸው። ጭስ በበዛበት መንገድ ዳር «በጥልቀት ተንፍሱ» የሚለውን ምክር ተዉት፤ እግር ላይና ድምፅ ላይ ሥሩ። መኪና በማይበዛበት ሰዓት ውጡ። አስም ያለባችሁ ደግሞ ቀኑ ከከፋ ቤት ውስጥ፣ በኮሪደር መመላለስም ይበቃል።

በቀን ስንት ደቂቃ? 10,000 እርምጃ መሙላት አለብኝ?

አሥር ደቂቃ በቂ ነው፤ አምስትም ከዜሮ ይሻላል። 10,000 የሚለው ቁጥር በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ጋር የተስፋፋ ነው እንጂ ሐኪም ለክቶ ያመጣው አይደለም። ብዙ መራመድ ጥሩ ነው። ለዚህ ልምምድ ግን ቆጣሪ ያስቸግራል። ቁጥር ማየት የጀመረ ሰው እግሩን ማየት ይተዋል።

መጠንቀቅ ያለበት ሰው አለ?

አለ። ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው፣ ወይም ድንገተኛ የድንጋጤ ስሜት የሚይዘው ሰው፣ ትንፋሹ ወይም ልብ ምቱ ላይ ሲያተኩር ጭንቀቱ ሊብስበት ይችላል። እንዲህ ከሆነ ትኩረቱን ወደ ውጪ ያውጣ። የሚያያቸውን አምስት ነገሮች፣ የሚሰማቸውን ሦስት ድምፆች በልቡ ይጥራ። ካልቀለለው ልምምዱን ትቶ ዝም ብሎ ይራመድ፣ ወይም ይቀመጥ። እየተደጋገመ ካስቸገረ ባለሙያ ማነጋገር ነው።

በዊልቸር ወይም በምርኩዝ ለሚንቀሳቀስ ሰውስ?

ልምምዱ እግር ላይ የተሰቀለ አይደለም። መዳፍ ጎማውን ሲገፋ፣ ትከሻ ሲሠራ፣ የመሬቱ ሸካራነት በወንበሩ በኩል ሲመጣ፣ ሁሉም ይስተዋላል። ምርኩዝ የሚይዝ ሰው የምርኩዙን ጫፍ መሬት መንካት እንደ እርምጃ ሊወስደው ይችላል። እንዲያውም የእግረኛ መንገዱ የት ጋ እንደተሰበረ፣ የት ጋ ከፍታ እንዳለው ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለእነሱ መንገዱን ማስተዋል ውዴታ ሆኖ አያውቅም።

ልጅ ይዤ መሞከር እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ መሪዋ ግን ልጅቷ ናት። ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ ጠጠር ታነሳለች፣ ጉንዳን ላይ ትቆማለች፣ የአጥር ብረት እየቆጠረች ትነካካለች፣ መጥታ የነበረበት ትመለሳለች። እናንተ አትጎትቷት፣ አታስረዷትም። «ይሄ እንዲህ ይባላል» ማለቱን ለሌላ ጊዜ አቆዩትና እሷ የምታየውን አብራችሁ እዩ። አሥር ሜትር ለመሄድ ሩብ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ቀጠሮ ባለባችሁ ቀን ግን አትሞክሩት።